በደመናው ላይና በአምፖሉ ዙሪያ ያየሁት ቀለም

በዓይኔ ካየሁህ ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላህ፣ በልቤ ግን ከደጃፍ ላልራቅኸው ለወንድሜ ለቦልቴ ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ ቀንቶሃል ወይ? ባለቤትህ ሩታ እንደምን አለች? በመልክ ባላውቃትም በስም አውቄያታለሁና ሰላም ትሁን። ልጃችሁ ዳናስ? ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች ሲሉኝ ጊዜው እንዴት እንደሄደ ገረመኝ። አገሩ ሰላም ነው ወይ? ሱቅ ተዘረፈ የሚል ወሬ ከእናንተ በኩል በመጣ ቁጥር እኔ እዚህ እህል አይወርድልኝም። እዚያ አሁን ሙቀት ገብቷል አሉኝ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም ብቻ ቀርቷል። እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ? ራስህን ያምሃል ወይ? ዓይንህስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ለወግ ያህል የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለእሱ ብዬ ነው። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ አንተም እስከ መጨረሻው ሳታነበው እንዳታስቀምጠው።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ቤታችንም እንዳለ ነው። ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ በሐምሌ ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ አስመታሁት። የጓሮው እንሰት ደህና ነው። አንተ ልትሄድ ስትል የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ብቻዬን ስንቱን እበላዋለሁ፤ ጎረቤት እየመጣ ይለቅማል። ጊፋታን እንደ ሌላው ዓመት አሳለፍኩ። ጠርተውኝ ሄጄ፣ ትንሽ ቀምሼ፣ ቀኑ ሳይመሽ ተመለስኩ። በበዓል ቀን ሰው ቤት ብዙ መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጆች ሲሯሯጡ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ዝምታው ትቼው ከሄድኩት በዝቶ ይጠብቀኛል።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የቦዲቲው ታምራት ነው። ለእህቱ ሠርግ ከእናንተ ዘንድ መጥቶ ሳለ፣ ለመንገዱ ዳጣና ዝንጅብል ሊገዛ የምሠራበት ግቢ ገባ። ስሜን ሲጠሩት ሰምቶ የቦልቴ እህት አያልነሽ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቤቱ አለ ወይ፣ አቮካዶው አፈራ ወይ እያልክ እንደምትጠይቅ ነገረኝ። ታዲያ ለምን አይጽፍም ስለው መልሱን ሊውጠው ሞከረ። አጥብቄ ስይዘው ግን አወጣው። ስሄድ እናቴ ፊቷን አዙራብኝ ቀረች፤ በኋላም በእኔ ለቅሶ ዓይኗ ጠፋ፤ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አገሬን አያለሁ ትላለህ አሉ።

የስልክ ቁጥርህንም ሰጥቶኛል። ሁለት ቀን በእጄ ይዤው ዋልኩ። ታውቀኛለህ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲደረግ ቃሉ ሁሉ ይጠፋኛል። የምነግርህ ነገር ደግሞ ቃል ሊጠፋበት የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከሊል በሚባል የስልጤ ነጋዴ መጋዘን ቦሎቄ ለቀማ ገባሁ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። ስምንት ሴቶች ነን። ቀኑን ሙሉ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ቀዩን ከነጩ፣ ትልቁን ከትንሹ እንለያለን። የከሊል ባለቤት ዘሐራ ከፊት ለፊት የችርቻሮ ሱቅ አላት። ለመጠቅለያ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ትገዛለች፤ የተማሪ ደብተር፣ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ያገኘችውን ሁሉ። በርበሬና ስኳር ከመጠቅለሉ በፊት አንድ ጊዜ በእኔ እጅ ያልፋል። የወደድኩትን አስቀርና በእሱ ፈንታ ባዶ ወረቀት እተካላታለሁ። ዘሐራ አንቺ ሴትዮ ሱቄን አንብበሽ ልትጨርሺው ነው ትለኛለች እንጂ ከልክላኝ አታውቅም።

ፊደል የለየሁት አንተ የቤት ሥራህን ስትሠራ ከኩራዙ ማዶ ተቀምጬ እንደነበር ታስታውሳለህ። ከፊትህ ስለነበርኩ መጀመሪያ የገባኝ ተገልብጦ ነው። እስከ ዛሬ ወረቀት ወደ ታች ተዘቅዝቆ ብይዘው አይቸግረኝም፤ ሴቶቹ ይስቁብኛል። መጀመሪያውም መጨረሻውም የሌለው ወረቀት እያነበብኩ ነው ያረጀሁት። ንብ እንዴት እንደምትኖር አውቃለሁ፤ ማር እንዴት እንደሚሸጥ ግን አላውቅም፤ ገጹ እዚያ ላይ ተቀድዶ ነበር።

አሁን ስለ ደመናው ልንገርህ። ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደ ልማዳችን ጥላው ውስጥ ተቀምጠን እንለቅማለን። ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ጣሪያ ጀርባ ገብታ ነበር። ከጣሪያው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ነጠላ የሳሳ ደመና አለ። ህብረት ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ፣ በአፍ ግን ትልቋ ናት፤ ወገቤን ላፍታታ ብላ ቀና ስትል እንዳለች ቀረች። እኛም ተከትለን ቀና አልን። የደመናው ጠርዝ ሮዝ ሆኗል። እያየነው አረንጓዴ ገባበት፤ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ የሰማያዊ ዓይነት። እንደ ቀስተ ደመና በተራ የተሰለፈ አልነበረም። እንደ ርግብ አንገት ነው፤ ርግቧ ስትዞር ቀለሙም እንደሚዞረው። ባጃጅ ከቆመበት ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት አስብ፤ እሱን ሰማይ ላይ አፍስሰው።

ህብረት ጌታ ሊመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ጸጉሬን አልተሠራሁም አለች። ከሊል ከውስጥ ሰምቶ የሚመጣ ከሆነ ይቺን ጆንያ ጨርሱልኝና ሂዱ አለ፤ ራሱም ወጥቶ ሲያይ ግን ሚዛኑን እንደያዘ ቆመ። ዘሐራ ማሻአላህ አለች። አንድ የባጃጅ ሾፌር መንገድ ላይ አቁሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ ይኼማ የአውሮፕላን ናፍጣ ነው ሲል ህብረት የአንተ ባጃጅም በሰማይ ሄዳ ይሆናላ አለችው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ወረቀት አንባቢዋ፣ ምን ትያለሽ አሉኝ። አንድ ገጽ ላይ አንብቤው ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ አፌ ታሰረና ቆንጆ ነው ብዬ ወደ ቦሎቄዬ አጎነበስኩ።

ቦልቴ፣ አጎንብሼ ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም አየው እያልኩ ነበር። ህብረትም፣ ከሊልም፣ መንገድ አላፊውም እኩል አየው። ይህ ነገር ለምን እንደከነከነኝ ለማንም ያልተናገርኩትን ካልነገርኩህ አይገባህም።

አምና ከየካቲት ጀምሮ፣ ሲመሽ መብራት ሳበራ በአምፖሉ ዙሪያ ቀለበት አይ ነበር። ውስጡ ሰማያዊ፣ ወደ ውጭ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ግራ ቅንድቤን ሲወቅረኝ በዋለበት ቀን ይመጣል፤ ተኝቼ ስነሣ የለም። መጀመሪያ ፈራሁ። በኋላ ለመድኩት። ከዚያም፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ወደድኩት። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነው፤ የሚጠብቀኝ የለም። መብራቱን ሳበራ ቀለበቱ ካለ ሰው የቆየኝ ይመስለኛል። ለብቸኛ ሰው የተሰጠ ነገር አድርጌ ቆጠርኩት። ወንበሬን አዙሬ እያየሁት እራቴን እበላ ነበር። ለሰው ብነግር ይወሰድብኛል ብዬ ደበቅሁት።

የደመናውን ቀን ግን ጥያቄ መጣብኝ። በውጭ ያለ ነገር ከሆነ ሰው ሁሉ ያየዋል። አምፖሌን ግን ከእኔ ሌላ ያየው የለም።

ቤት ስገባ የወረቀት ከረጢቴን ዘረገፍኩ። ያ ገጽ የሳይንስ መጽሐፍ ቅዳጅ ነው፤ ከዓመታት በፊት በርበሬ ሊጠቀለልበት ሲል ያስቀረሁት። የሚለውን እንደገባኝ ልጻፍልህ። ነጭ የምንለው የፀሐይ ብርሃን በውስጡ ቀለማት ሁሉ አሉበት። ደመና ደግሞ የረቀቁ የውሃ ጠብታዎች ስብስብ ነው። ብርሃን በእንዲህ ያለች ትንሽ ጠብታ ጠርዝ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይጎብጣል፤ ቀዩ በብዙ፣ ሰማያዊው በጥቂቱ። ስለዚህ ይለያያሉ። ጠብታዎቹ ሁሉ አንድ መጠን ካላቸው እያንዳንዷ ቀዩንም ሰማያዊውንም ጓደኛዋ ወደላከችበት ትልከዋለች፤ ያኔ ቀለሙ ለዓይን ይደርሳል። ትልቅና ትንሽ ከተደባለቁ ቀለማቱ እንደገና ይቀላቀሉና ደመናው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስስና ገና የተፈጠረ ደመና ጠብታዎቹ እኩዮች ስለሆኑ በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ቀለም ያወጣል። የእኛን ሥራ መሰለኝ። ሳይለቀም የተከመረ ቦሎቄ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ግራጫ ነገር ነው፤ ሲለቀም ነው ቀዩ ቀይ፣ ነጩ ነጭ የሚሆነው።

የገጹ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ያለው ቀለም በጉም መካከል በሚታይ መብራት ዙሪያም ይታያል ይልና እዚያው ይቀደዳል። የቀረውን ራሴ መሙላት ነበረብኝ። በመብራቱና በእኔ መካከል ጉም መኖር አለበት ማለት ነው። የት አለ? አምፖሉን አውርጄ በጨርቅ ወለወልኩት። በርና መስኮቱን ከፍቼ ጭስ አለ ወይ ብዬ ጠበቅሁ። ቀለበቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ ደግሞ ህብረትን ነይና አንድ ነገር እይልኝ ብዬ ጠራኋት። ሰፈራችን አንድ ነው። ደጃፌ ላይ ቆማ እትዬ አያልነሽ ሰው ቤቷ ጠራች፣ ለካ ያ ደመና የእውነት ምልክት ነው አለች። አምፖሉን አየችው። ምን አለው፣ አምፖል ነው አለችኝ። ቀለም የለውም ወይ ብላት ሳቋን ትታ ፊቴን ታይ ጀመር።

ከሄደች በኋላ ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፤ ቀለበቱ ደምቆ አለ። ግራዬን ሸፈንኩ፤ በስሱ አለ። ሁለቱንም ጨፈንኩና ቆየሁ። ጉሙ ያለው ከቤቱ ውስጥ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓይኔ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ወደ ሐኪም ሄድኩ። የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ሰልዋ ትባላለች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ነይ እናቴ ስትል ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። እናቴ ተብዬ አላውቅማ። የዓይኔን ግፊት ለካችው፣ በመሣሪያ ውስጡን አየችው፣ ጻፈች። ከመቼ ጀምሮ ነው ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠብታዎቹንም፣ እኩል መሆናቸውንም። ማን ነገረሽ አለችኝ። የበርበሬ ወረቀት አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳችኝ።

ግላኮማ ይሉታል። በዓይን ውስጥ የሚመላለስ ውሃ አለ። መውጫው የጠበበበት ሰው ሲመሽ፣ ሲጨልም መውጫው ጭራሽ ይዘጋበትና ውሃው ይጠራቀማል። ግፊቱ ሲበዛ የዓይን የፊት መስታወት ውሃ ይመጥጥና በረቂቅ ጠብታ ይሞላል። የመብራቱን ብርሃን የሚበትኑት እነሱ ናቸው፤ ያነበብሽው ልክ ነው፣ ደመናው ዓይንሽ ላይ ነው አለችኝ። ግፊቱ በተመላለሰ ቁጥር ከኋላ ያለውን የማየት ጅማት ይገድለዋል፤ የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል። ከግራ ዓይኔ ከዳር በኩል ያለው ጠፍቷል። የቀኙ ብዙው ተርፏል። ያን የምወደው ቀለበት ነው ለካ በየማታው ሲበላኝ የነበረው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት። ውሃው ዕንባ ነው ወይ አልኳት። አይደለም፣ ዕንባ በውጭ የሚፈስ ነው፣ ይኼ ከውስጥ ነው፣ ምንም አይገናኙም አለች። ታዲያ ሰው በለቅሶ ብዛት አይታወርም ወይ አልኳት። አይታወርም። ቀንና ሌሊት ቢያለቅስም? ቢያለቅስም አለች። ዓመት ሙሉስ? እናቴ፣ ስንት ቢለቀስ ለቅሶ ዓይን አያጠፋም አለችኝ። ሦስት ጊዜ ስጠይቃት አልተቆጣችም። ወረፋ ያለው ሰው በር እያንኳኳ ነበር፤ እኔ ግን ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ።

ቦልቴ፣ አሁን ወደ ኩራዙ ተመለስ። አንተ ስምንተኛ ክፍል ነበርክ። ጠረጴዛው ላይ ታጠናለህ፣ እናታችን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እየው ይኼ ኩራዝ ዛሬም መቀነቱን ታጠቀ ትል ነበር። ምን መቀነት ስንላት ዙሪያውን በጣቷ ታሳየናለች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እኛ እንስቅባት ነበር። አንተማ አንድ ጊዜ እማዬ ኩራዙን ልትድሪው ነው ወይ ስትል በእንዝርቷ ራስህን ኮረኮመችህ። በዚያው ምሽት ራሷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ጤና አዳም አሽትታ፣ አስመልሷት ተኛች። አስታወስከው? ይህ የሆነው አንተ ከመሄድህ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ገና ስለ መሄድ ሳታስብ፣ አንድ ዘለላ ዕንባ ስላንተ ሳይፈስ፣ ደመናው ዓይኗ ላይ ነበር። ይህን እኔ ልነግርህ አያስፈልግም፤ አንተው ነበርክ፣ አንተው ሰምተሃል። እኔን ማመን ቢያቅትህ ራስህን እመን።

የሄድክበትን ቀንም ልንገርህ። እናታችን እንዳትሄድ ለምናህ ነበር፣ አምርራብህም ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን መናኸሪያ ድረስ መጣች። አንተ በመስኮት በኩል ተቀምጠህ ነበር፤ አውቶቡሱ ተነሣና ከጎኗ በኩል አለፈ። እሷ ግን ከፊት ለፊቷ ወደቆመው ወደ ሌላው አውቶቡስ እጇን እያውለበለበች ነበር። የአርባ ምንጭ ነው እሱ። ከጎኗ ያለውን አታይም ነበር፤ ዳር ዳሩ ቀድሞ ነው የሚጠፋው፤ የእኔም እንዲሁ ሆኗል። ትከሻዋን ይዤ ሳዞራት የአንተ አውቶቡስ በሩን አልፎ ወጥቷል። ልጄ አየኝ ወይ አለችኝ። አዎ አይቶሻል አልኳት። ፊቷን አላዞረችብህም። ፊቷ አንተን ሲፈልግ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ በግርግሩ ተደናግራ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ጨርሶ ሲጨልምባት ሰፈሩ ሁሉ በልጇ ለቅሶ አለ። እኔም አመንኩ። አንተ ደብዳቤ ስትልክ እኔ ደግሞ ያን መልስ ጻፍኩልህ። ቃሉን አንተ እንደምታስታውሰው እኔም አስታውሰዋለሁ፤ እናትህ አንተን ስታለቅስ ዓይኗ ጠፋ፣ ደስ ይበልህ አልኩህ። ሥራ ውዬ፣ ውሃ ቀድቼ፣ እሷን አጥቤ፣ ያበሰልኩትን ሳላጎርስ የጻፍኩት ነው። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። በመጽሐፍ ገጽ ላይ የተሳሳተ ነገር ሳገኝ በእርሳስ እሰርዛለሁ፤ እኔ የጻፍኩትን ግን የማርምበት ወረቀት አንተ ዘንድ ነበር።

እሷ ቦልቴ ጻፈ ወይ ትለኝ ነበር። አልጻፈም ማለት ስላልቻልኩ ከዘሐራ ሱቅ ያመጣሁትን ወረቀት ያንተ ነው እያልኩ አነብላት ጀመር። ሰላምታውን ከራሴ እጨምርና ከዚያ የተጻፈውን እቀጥላለሁ። ስለ ንብ አኗኗር፣ ስለ ጨው አወጣጥ፣ አንድ ጊዜም ስለ ባቡር ሐዲድ ጻፍክላት። ጎረቤት ሲመጣ ልጄ እዚያ አገር በንብ ትምህርት ትልቅ ሰው ሆኗል እያለች ትኮራ ነበር። ስትሞትም በዚያው ሐሳብ ነው፤ በሰላም ነው ያረፈችው፤ ላንተ መርቃ ነው። ምርቃቱን በቃሏ ይዤዋለሁ። በስልክም ሆነ በአካል ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፤ ወረቀት ላይ ላሰፍረው አልፈለግኩም።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ጠብታ መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ አደርጋለሁ። በጨረር መውጫውን የሚከፍቱበት ቀጠሮ ሐዋሳ በታኅሣሥ ነው። አስታማሚ ያስፈልጋል ሲሉኝ ህብረት እኔ እሄዳለሁ፣ የሐይቁን ዓሣ ታበይኛለሽ ብላ ሳልጠይቃት ተመዘገበች። ሐኪም ቤት ቅጽ ሲሞሉልኝ የቅርብ ቤተሰብ አሉኝ። የአንተን ስም ተናገርኩ። አድራሻ ሲሉኝ አላውቀውም አልኩ፤ ቅጹን የሚሞላው ልጅ ቦታውን ባዶ አድርጎ አለፈው። አሁን ከታምራት ስላገኘሁት ሄጄ አስሞላዋለሁ፤ ካልከለከልከኝ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው። ዶክተር ሰልዋ ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል፤ እናትሽ ከነበራት፣ አንቺም ካለብሽ፣ ወንድምሽ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት ብላኛለች። አርባ አራት ዓመትህ ነው። እሷ መቀነቱን ማየት የጀመረችበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ይህን አንብበህ ስትጨርስ አምፖሉን አብራ። አንዱን ዓይንህን በእጅህ ሸፍነህ እይ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ቀለበት ካለው እንደ እኔ ወንበር ስበህ አትቀመጥ፤ በነጋታው ሂድ። ባይኖረውም ሂድ፤ ምልክት ሳይሰጥ የሚበላም አለ ብላለች። ውጤቱን አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ንጹሕ ነው በል፣ ወይም አለብኝ በል። ሌላ ነገር ልትጽፍልኝ ባትፈልግ አልቀየምም።

ደመናው ድጋሚ አልታየም። ሴቶቹ ግን አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀና ይላሉ። ባለፈው ህብረት ስታስጨንቀኝ ገጹን አምጥቼ አነበብኩላቸው፤ ከሊልም ሚዛኑን አቁሞ ሰማ። ሲያልቅ እና የቀረው የት አለ አለኝ። ተቀዷል፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት አልኩት።

ሰላምታዬን ለባለቤትህ ለሩታ አድርስልኝ፤ ብትፈቅድ እህቴ ብያታለሁ። ለዳና አክስት እንዳላት ንገራት፤ ወረቀት ተገልብጦም ማንበብ የምትችል አክስት። ከሊልና ዘሐራ ሳያውቁህ በጣም ሰላም ብለውሃል። ህብረት ወንድምሽ ከመጣ አቮካዶውን እኔ እንደጨረስኩት እንዳትነግሪው ብላለች። ጎረቤቶቻችን በያሉበት ደህና ናቸው፤ ስምህን ያነሣሉ።

ከእናታችን ዘንድም ያደረ ሰላምታ አለህ። ያን ቀን መናኸሪያ ላይ ያውለበለበችው እጅ ላንተ ነበር፤ በተሳሳተ አውቶቡስ ሄዶ ዘገየብህ። ይኸው ዛሬ አድርሼልሃለሁ።

እህትህ አያልነሽ

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.